አሥራ አንድ አንገት፣ አንድ ሰንሰለት

ጁምዓ፣ 8/4/2005 በፈረንጅ

አብራኝ የምትኖረው ረሺዳ ዛሬም እግሯ እንዳበጠ ነው። ጣቴን ስጭንበት ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ያም ሆኖ ደስ ብሏት ውላለች፤ ከሚሴ ያለችው ልጇ ናስራ ወንድ ልጅ በሰላም ተገላግላለች። ስልኩ የተደወለው ጥግ ላይ ካለው የስልክ ሱቅ ስለሆነ፣ እኔና ጎረቤታችን ስንቅነሽ ግራና ቀኝ ደግፈን ወሰድናት፣ ደግፈን መለስናት። «አያት ሆንኩ ሙሚና፤ እርጉዝ የመሰለው ግን የኔ እግር ነው» አለች። ሳቅን። ናስራን ትታት ስትመጣ ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሄደ።

ሶባ ያለው ሐኪም ማክሰኞ ለት ለብቻዬ ጠርቶ «ዘመድ አላት?» አለኝ። እኛ አለን አልኩት። «እናት ማለቴ ነው» አለ። እናቷ አለች አልኩ። «እንግዲያው ሳትዘገይ ትሂድላት። በመኪና ግን አይሆንም፣ መንገዱን አትችለውም።» ይህን ለረሺዳ አልነገርኳትም። እሷ ግን ስንመለስ፣ ሐፍላው፣ አውቶብሱ ውስጥ፣ ከሶባ እስከ ቡሪ ያን ሁሉ መንገድ አንዲት ነገር ብቻ ነው የተናገረችው። «እናቴን አይቼ ቢሆን።»

ሌላው ወሬ የልጄ ነው። ረዋን ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አል-ማንሺያ፣ አሠሪዬ ሲት አፋፍ ግቢ ውስጥ ባለው አዳራሽ ልትሰቅል ነው። ሰው በካርድ እየተጠራ ይመጣና ያያል። እኔ አሥራ አራት ዓመት የጠረግኩት ቤት ውስጥ የልጄ ሥራ ሊሰቀል። አልሐምዱሊላህ። አባቷ ሐመድ ኖሮ ቢያይ።

ፎቶዎቹን ግን አየኋቸው። አንዱ ሳፋ ነው። አንዱ ገመድ ላይ የተሰጣ ጨርቅ ነው። አንዱ የሰው ተረከዝ ነው፣ ስንጥቅጥቅ ያለ። ማን እንዲህ እግሩን ጣለ ብዬ ቀረብኩና አየሁት። የኔ ነው።

ሰኞ፣ 11/4

ሻይ ሳቀርብ የሰማሁትን ልጻፍ። ረዋን ፎቶዎቹን ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ዘርግታለች፣ ሲት አፋፍ መነጽሯን አድርጋ በመሃላቸው ትመላለሳለች።

«ይሄ ሳፋ ግሩም ነው» አለች። «ሰው የለበትም፣ ሴትየዋ ግን አለች።»

ይቺን ነገር እስከ ቤት ድረስ ሳመላልሳት መጣሁ። ሰው የለበትም፣ ሴትየዋ ግን አለች። ሳፋው የኔ ነው። ሴትየዋ ያለቻትም ሻይ ይዛ ቆማ ነበር።

ጁምዓ፣ 15/4

ዛሬ እዚህ ያሉት የሀገራችን ሴቶች ሁሉ ረሺዳን ሊጠይቁ መጡ። ሉጥፊያም መጣች። ሉጥፊያ የመጣችበት ቤት ዝም አይልም። ሐኪሙ ያለውን ያን ጊዜ ነገርኳቸው፣ ረሺዳ ሸለብ አድርጓት ነበር። በመኪና አይሆንም፣ በአውሮፕላን ነው። ሁሉም ወለሉን ማየት ጀመረ።

«ምን ትደነግጣላችሁ?» አለች ሉጥፊያ። «የሙሚና ወርቅ አለ አይደል? ሀገር ቤት ያኮራን እሱ ነው። አሁን ደግሞ ረሺዳን ያድርሳታ።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ።

ሰንሰለቱ ሐመድ ስንጋባ ያሰረልኝ ነው። ወፍራም ነው፣ ደረት ድረስ ይወርዳል። ከኛ መሃል ለዒድ ፎቶ ተነስታ ሀገር ቤት ልትልክ ገብረየስ ስቱዲዮ ስትሄድ ያላሰረችው የለችም። የምንከናነበው ብርቱካንማው ቶብም የኔ ነው፣ እሱንም ለብሰዋል። ደንቤ አንድ ነው፤ ለፎቶ ብቻ፣ ላብ ሳይነካው፣ ዕለቱን ይመለስ። ስስታም ይሉኛል በዚህ።

«እናስብበት» አልኩ።

«ምኑ ይታሰባል? አንቺ እንደሆንሽ አታስሪውም። ሣጥን ውስጥ ለምስጥ ነው የምታስቀምጪው?»

«ምስጥ ወርቅ አይበላም» አልኳት። ሳቁ። በሳቅ አለፈ።

ሐመድ ከሞተ በኋላ አንድ ጊዜ ኦምዱርማን አንጥረኛ ዘንድ ወስጄው ነበር። ሽማግሌ ነው። ወርቅ የሚፈትንባት ጥቁር ድንጋይ ላይ አሸው፣ አየው። እንደገና አሸው፣ አየው። ሚዛን ላይ አላስቀመጠውም። በሁለት እጁ መለሰልኝና ልጁን «ለእናትህ ሻይ አምጣ» አለው። ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ።

ሐመድ ደግ ሰው ነበር።

ማክሰኞ፣ 19/4

መብራት የለም። ውሃም ደከም ብሏል። የረሺዳ እግር እንደዚያው። ሉጥፊያ መንገድ ላይ አገኘችኝ፤ ሰላምታ የለም፣ «ወርቁስ?» ነው ያለችኝ። ወርቁስ። ወርቁስ። ሰላም ማለት ምን ነበረበት።

ጁምዓ፣ 22/4

ከረዋን ጋር ተጣላን። ተጣላን ማለት እንኳ አይደለም፤ እኔ ተናገርኩ፣ እሷ በሩን ዘጋች፣ በኋላ ከፈተችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ያልኩት፣ ፎቶ ማለት ሰው ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ፊት ለፊት ሲታይ ነው። እጅ ጭን ላይ፣ አበባ አጠገብ። ከኋላው ደግሞ ያ የገብረየስ መጋረጃ፣ ወንዝና ዳክዬ የተሳለበት። ሀገር ቤት ያለች እናት ያንን አይታ ነው እንቅልፍ የሚወስዳት። ተረከዝ አይታ የትኛዋ እናት ትተኛለች?

«ዩማ፣ እሱ ሱራ የውሸት ነው» አለች፤ እኔን ዩማ፣ ፎቶን ሱራ ነው የምትለው። «ቶቡ የሰው፣ ወንዙ የቀለም።»

«ተረከዜስ?»

«እሱ እውነት።»

«እውነቱን እኔ ስቆምበት ውዬ አውቀዋለሁ፣ ግድግዳ ላይ ምን ያደርግልኛል?»

«አንተ አልገባህም» አለችኝ። ስትናደድ አማርኛዋ ይጠፋባትና እኔን ወንድ ታደርገኛለች። በሩን የዘጋችው ያኔ ነው።

ስትከፍተው ቀስ ብላ ነገረችኝ። ፊት የማታሳየው ፈልጋ አይደለም። ከሻ አለ። ፖሊስ ድንገት እየመጣ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለውን ሁሉ በመኪና ጭኖ ይሄዳል። ከኛ መሃል ወረቀት ያላት ስንት ናት? ፊቷ አዳራሽ ውስጥ ተሰቅሎ አንድ ሰው ቢያውቃትስ? ይሄን እንኳ አላሰብኩትም። ልጄ አስባዋለች። እሱ ደስ አለኝ፣ ግን አልነገርኳትም።

እንደዚያም ሆኖ አልተውኩም። «የገብረየስን ፎቶዎች ስቀዪ» አልኳት። ገብረየስ ደክሞት ስቱዲዮውን ከዘጋ ሦስት ወሩ ነው፤ ከሰላ ወንድሙ ዘንድ ገብቷል። ረዋን ተማሪ እያለች ትረዳው ስለነበር የኔጌቲቩን ካርቶን ለሷ ነው የተወላት። የሁላችንም እዚያ ውስጥ አለ።

«ፊት አለው» አለች።

«እሱን አንቺ ታውቂበታለሽ። ብቻ አንድ ግድግዳ እንኳ የሚያምር ነገር ይኑረው።»

«ሴቶቹን መጠየቅ አለብኝ» አለች።

«እኔ ፈቅጃለሁ። ማን እምቢ ይላል?»

አሥራ አንድ ሰው ነን። በአሥራ አንድ ሰው አፍ ነው የመለስኩት።

ሐሙስ፣ 28/4

ሉጥፊያና ሌሎቹ ቀን ቆርጠው ሰጡኝ፤ ሐሙስ ኦምዱርማን ሄደሽ ሽጪው። ሰንሰለቱን በመሐረብ ጠቅልዬ ጡቴ ሥር አድርጌ ወጣሁ። ከሰዓት ተመለስኩና «አንጥረኛው አልነበረም» አልኳቸው።

እውነቴን ነው፣ አልነበረም። እኔም እዚያ አልነበርኩም። ድልድዩ ጋ ወንዙን ሳይ ቆየሁ። ከዚያ ሀቡቡ ተነሳ፣ ሰማዩ እንደ ጡብ ቀላ፣ አፌም አይኔም አቧራ ሞላው፣ እየተደናበርኩ ተመለስኩ።

ረሺዳ ከአልጋዋ ሆና ሰማችኝ። ፊቴን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገችልኝ። የታመመችው እሷ፣ የምትጠርገው እሷ።

ማክሰኞ፣ 3/5

ዛሬ ብቻዬን እስክታመም ሳቅኩ። ስንቅነሽ መጥታ «ሐሙስ ማረድ አለ አሉ። በግ ነው በሬ?» አለችኝ።

«የምን ማረድ?»

«ልጅሽ ናታ ቤት ለቤት የጠራችን። ‹ሐሙስ መዕረድ አለኝ፣ ኑልኝ› አለች።»

ዐረቦቹ የፎቶ ትርኢቱን መዕረድ ይሉታል። ልጄ አማርኛ መሃል ሰክታው ነው። ሴቶቹ ደግሞ የሰሙት ማረድ ነው፤ ልጅቷ ለረሺዳ ሰደቃ ልታርድላት ነው ብለው ተያይዘውታል። ሉጥፊያ ቢላዋዋን እያሳለች ነው አሉ።

«እኔ የእስላም ሥጋ እንደማልበላ ታውቂያለሽ» አለች ስንቅነሽ። «ግን ለረሺዳ ከሆነ ቆሜ አብሬ እጸልያለሁ። ሽንኩርትም እከትፋለሁ።»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አሰብኩ፤ ፎቶ ነው ብላቸው ማን ከሥራ አስፈቅዶ ይመጣል? አንድ ጊዜ ከመጡ ደግሞ ያምርብን የነበረውን ዘመን በትልቁ ያዩታል። ልጄም ሰው ይሞላላታል። ዝም አልኩ።

ዝም ማለት ልማዴ ሆኗል።

ጁምዓ፣ 6/5

ትናንት የሆነውን ከሥሩ ልጻፈው።

ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ መጡ። ዘጠኝ ናቸው፣ ሁሉም ቶብ ለብሰው፣ እያንዳንዷ ድስት ወይ ሳህን ይዛ። ሉጥፊያ ቢላዋዋን በጨርቅ ጠቅልላ። ዘበኛው በሩ ላይ አስቁሞ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲላት፣ «ሥራዬ ነው» አለችው። ስትወጪ እሰጥሻለሁ ብሎ ተቀበላት። ሲት አፋፍ ድስቶቹን አየችና ወደኔ አየች። «የሀገራችን ልማድ ነው፣ ባዶ እጅ አንመጣም» አልኳት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

አዳራሹ በሰው ሞልቷል፤ ኹዋጃ የሚሏቸው ፈረንጆች፣ የሲት አፋፍ ጓደኞች፣ ኮሌጅ የሚማሩ ልጆች። አንደኛው ግድግዳ ሳፋውና ተረከዙ ነው። ሴቶቹ ያንን በጥድፊያ አለፉት፤ የታረደው ወዴት ነው እያሉ ነው። ወደ ሌላኛው ግድግዳ ስንዞር ሁላችንም ቆምን።

አሥራ አንድ ፎቶ። እያንዳንዱ የበር ግማሽ ያህላል። ከከንፈር በላይ የለም። ዓይን የለም፣ ግንባር የለም። ከአገጭ እስከ ደረት ብቻ፣ ብርቱካንማው ቶብ፣ በመሃሉም ሰንሰለቱ። አሥራ አንድ ጊዜ ያው ሰንሰለት። ፊት አላሳይም ብላ ነበር፤ ይኸው አላሳየችም።

ሰው ሁሉ እያየ ነው፣ እኛ ግን እርስ በርሳችንም አልተያየንም። መጀመሪያ የተናገረችው ስንቅነሽ ናት። ጣቷን አራተኛው ላይ አድርጋ፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ እያሳየች፣ «እዚህ ጋ ማርያም የሳመችኝ ናት። ይሄ እኔ ነኝ» አለች።

ከዚያ ሉጥፊያ፣ ቀስ ብላ ነው፣ እንዲያውም አልጮኸችም፤ «ልክ ነው የሰማነው። ማረድ ነው። ይኸው አንገት አንገታችንን።»

ይህ ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ሉጥፊያ ግን ቀረበች። አፍንጫዋ ፎቶውን ሊነካ እስኪደርስ ቀረበች። ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደች።

«ሙሚና» አለች። «ይሄ ከሰንሰለቱ ሥር ያለው አረንጓዴ ምንድን ነው?»

እኔም አየሁት። ሁሉም ላይ አለ። በአንዳንዷ ላይ እንደ ጥላ ስስ ነው፣ ዘጠነኛዋ ላይ ግን የሰንሰለቱን ቅርጽ ይዞ አንገቷን ዞሯል። እኛ ሀገር ቤት የላክነው ፎቶ ላይ ይሄ አልነበረም። ገብረየስ ወረቀቱ ላይ በዚያች ቀጭን ብሩሹ ያጠፋው ነበር ማለት ነው፤ ለእያንዳንዷ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ። ረዋን ያጠበችው ከኔጌቲቩ ነው። ኔጌቲቩን ማንም በብሩሽ አልነካውም።

«የመብራቱ ነው» አልኩ።

ሉጥፊያ ጣሪያውን አየች። መብራቶቹ ነጭ ናቸው።

ከኋላችን ሰዎች ያወራሉ። አንዱ ባለ መነጽር «ሳፋዎቹ ይበልጣሉ፣ ይሄኛው ጩኸት ነው» ይላል። አንዷ ኹዋጃ ዓይኗን ትጠርጋለች፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም። አንድ የኮሌጅ ልጅ ደግሞ «በድሃ ላይ መሳቅ ነው ይሄ» አለ፤ ረዋን ሰምታው ፊቷ ተለወጠ። ሲት አፋፍ በጥር ወር ስለ ስቱዲዮ ፎቶ ሲነሳ «የከረሜላ ቆርቆሮ» ብላ የሳቀች ሰው፣ አሁን ዘጠነኛው ፊት ቆማ አልንቀሳቀስ ብላለች።

ሴቶቹ በባዶ ድስት ተመለሱ። ሉጥፊያ ቢላዋዋን ከዘበኛው ተቀብላ አልፋኝ ሄደች።

እሑድ፣ 8/5

ማንም አልመጣም። ስንቅነሽ ውሃ ቀድታ በሩ ላይ አስቀመጠችልኝ። አንኳኩታ አልገባችም። ረዋን «ዩማ፣ ምን አጠፋሁ?» ትላለች። ምን ብዬ ልመልስላት። የሚያምር ግድግዳ ያልኩ እኔ። የፈቀድኩ እኔ። ኑ ሲባል ዝም ያልኩ እኔ።

ማክሰኞ፣ 10/5

ከሶባ ስንመለስ ራክሻ፣ ባጃጁ ውስጥ፣ ረሺዳ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣

«ነገሩኝ» አለች።

«ምኑን?»

«አረንጓዴውን። እኔ ግን ሊነግሩኝ አያስፈልግም ነበር። በ94 ለእናቴ የላክሁትን ስነሳ፣ ሦስት ቀን አረንጓዴ ሆኜ ከረምኩ። በሎሚ ነው ያስለቀቅኩት።»

ራክሻው ጉድጓድ ገባና ሁለታችንም ተነጠርን። ጊዜ አገኘሁበት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሐመድ ያኔ ሕያው ነበር። እሱ ሲያየው እንዴት ይኮራ እንደነበር ረሳሽው? ምን ብዬ ነው የምነግርሽ?» ትንሽ ቆይታ፣ «ደግሞስ ዝም ካልኩ እኔም እንደገና እዋሳለሁ ብዬ ነው» አለች። ሳቀች፣ ሳቁ ሳል ሆነባት።

የአንጥረኛውን ሻይ ያን ጊዜ ነገርኳት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለዚህ ደብተር እንኳ ሻዩን ጻፍኩ እንጂ ነገሩን አልጻፍኩም። ይኸው ልጻፈው። ወርቅ አይደለም። ነሐስ ነው፣ ላብ ሲነካው አረንጓዴ የሚተፋ። ሐመድ ያውቅ ይሁን ተታሎ ይሁን አላውቅም፣ የምጠይቀው ሰው ደግሞ አፈር ውስጥ ነው።

ቤት ስንደርስ፣ ለኔ ሳይሆን ለግድግዳው መስሎ፣ «ታዲያ እኔ በምን ልሄድ ነው» አለች።

ጁምዓ፣ 13/5

ሲት አፋፍ ዘጠነኛውን ልትገዛ ትፈልጋለች። ለሳሎኗ፣ ከበሩ ትይዩ። ለረዋን የሰጠቻት ዋጋ ረሺዳን አዲስ አበባ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያም በታክሲ ከሚሴ ያደርሳታል።

ዘጠነኛዋ እኔ ነኝ።

ሲት አፋፍ አታውቅም። አሥራ አራት ዓመት ሻይ ያቀረብኩላት አንገት ነው፤ በሥራ ላይ ተከናንቤ ነው የምታየኝ፣ እንዴት ታውቀዋለች። ረዋን «ሴትየዋ ማን እንደሆነች ልንገርሽ?» ብትላት፣ «አይሆንም፣ ማወቁ ያበላሸዋል» አለቻት አሉ።

«ዩማ፣ አንተ ካልፈለግህ አልሸጥም» አለችኝ ልጄ። ተቆጥታ አልነበረም። እንዲያውም እጄን ይዛ ነበር።

«በየቀኑ አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ለመሆኑ ምኑ ነው የሚያምረው? እስቲ አስረጂኝ። እኔ የማየው ውርደቴን ነው።»

አማርኛ ፈለገች፣ አጣች፣ ፈለገች። «አረንጓዴው» አለች። «አባዬ እዚያ ነው ያለው።»

እስካሁን እያሰብኩት ነው። ስጠርገው ይገባኝ ይሆናል።

ቅዳሜ፣ 14/5

ረዋንን «ፎቶውን ሽጪው» አልኳት።

ከዚያ ሉጥፊያ በር ሄድኩ። ከመግባቴ በፊት፣ ቆሜ፣ ነሐስ ነው አልኳት። ሽንኩርት ትልጥ ነበር፣ መላጡን አላቆመችም።

«የኔ ባል በዚያ ፎቶ ነው ያገባኝ» አለች። «ገዳሪፍ ሆኖ ፎቶዬን አይቶ፣ ይቺስ ባለጸጋ ናት ብሎ። አሁን ልንገረው?»

«አትንገሪው።»

«አልነግረውም። አሥር ዓመት አንቺ የቻልሽውን እኔ ለምን ያቅተኛል?» ሽንኩርቱን አስቀመጠች። «ግቢ እንጂ። በር ላይ ቆመሽ ደግሞ ከሻ ሊጠራብን ነው።»

ጁምዓ፣ 20/5

ረሺዳ ሄደች። ረሺዳ ሄደች። ሁለት ጊዜ የጻፍኩት ባምነው ብዬ ነው።

ስታሰናዳት የዋለችው ሉጥፊያ ናት፤ ሻንጣዋን አንስታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ያበጠው እግሯ የሚገባበት የወንድ ነጠላ ጫማ ከየት እንዳመጣች አላውቅም። ልንወጣ ስንል ረሺዳ «ቶቡና ሰንሰለቱስ?» አለችኝ።

«ምን ያደርግልሻል? ነሐስ መሆኑን ታውቂያለሽ።»

«እናቴ በአንገቴ ላይ እሱን አይታ ነው የምታውቀኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶ ነበርኩ። ባዶ አንገት ይዤ ብመጣ ማን ነሽ ብትለኝስ?»

ቶቡን አልብሼ ሰንሰለቱን አሰርኩላት። በገዛ እጄ፣ ከኋላ፣ ያቺን እምቢ የምትል መያዣ ጥርሴን ነክሼ ዘጋኋት። ዕለቱን ይመለስ አላልኩም። ረዋን ካሜራዋን አንስታ ነበር፣ ከዚያ ዝቅ አደረገችውና ሄዳ አቀፈቻት።

ረቡዕ፣ 1/6

ሙቀት። ሥራ። ከከሚሴ ምንም ወሬ የለም። ፎቶው ተሰቅሏል። አቧራ ስጠርግ ዓይኔን ጨፍኜ ነው።

ጁምዓ፣ 17/6

ዛሬ ብዙ ሰው መጥቷል፣ በተራ ልጻፍ።

ጠዋት ሲት አፋፍ ዘንድ ሁለት ሴቶች መጡ። አንዷ አንገቴን፣ ማለቴ ፎቶውን አየችና «ይሄ ደግሞ ምን ያስጠላል፣ ቆዳ በሽታ ነው?» አለች። ሌላዋ «ተይ፣ እኔ ብሆን ከፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ እውላለሁ» አለች። እየተጨቃጨቁ ሻያቸው ቀዘቀዘ። እኔ ሌላ ቀዳሁላቸው። ወጥተው ሲሄዱ ፎቶውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ገልጬ ጠረግኩት። ሐመድን ፈለግኩት። ትንሽ ያለ መሰለኝ።

ከጁምዓ በኋላ ስንቅነሽ ሐብሐብ ይዛ መጣች፣ ሉጥፊያ ተከትላ ገባች፤ ሐብሐቡን የቆረጠችው በዚያ በቢላዋዋ ነው። «ይሄ እንኳ አንድ ነገር ይታረድበት» አለች።

ማምሻውን ሙሐመድአወል መጣ፣ በመተማ በኩል ጭነት የሚያመላልሰው፣ ደብዳቤያችንንም ፎቶዎቻችንንም ሲያደርስልን የኖረ። ከሚሴ ነበር። ረሺዳን አይቷታል። በር ላይ አልጋ አውጥተውላት፣ የናስራን ልጅ ታቅፋ ትውላለች። ደክማለች አለ። በጣም ደክማለች አለ፣ ከዚያ ወዲያ አልጠየቅነውም።

«ሰንሰለቱስ፣ የሰፈሩ ሰው አየው?» አለች ሉጥፊያ። እሷ ናት የምትጠይቀው።

ሙሐመድአወል ቆቡን አውልቆ ጭኑ ላይ አደረገ። «እናንተ እኮ የሚያውቅ ያለ አይመስላችሁም» አለን። «ከሚሴ በየቤቱ ግድግዳ ላይ እናንተ ናችሁ ያላችሁት። ለሰርግ ይሄዳሉ፣ ለለቅሶ ይሄዳሉ፣ በሄዱበት ቤት ሁሉ ያው ቶብ፣ ያው ሰንሰለት። እናቶቻችሁ ካወቁት ስንት ዓመታቸው። ልጆቻችን እንዳያፍሩብን ብለው ነው እርስ በርስ እንኳ የማያነሱት።»

ማንም ሐብሐቡን አልነካም።

«ረሺዳን ከመኪናው ስናወርዳት» አለ፣ «እናቷ መጣች። ፊቷን ያዘችው፣ ሳመችው፣ ሳመችው። ከዚያ እጇን ወደ አንገቷ አውርዳ ሰንሰለቱን ዳሰሰችና፣ ‹ዛሬ ተራው ያንቺ ሆነ ልጄ?› አለቻት።»

ረሺዳስ ምን አለች አልኩት።

«‹አዎ እማ› አለች፣ ‹ተራዬ ነው።›»